በጨዋማ አፈር ላይ ለሚለሙ መድኃኒታዊ ዕፅዋት በቅጠል የሚረጭ ንጥረ ምግብ፤ በሰበታ፣ በቡራዩ እና በሱሉልታ ለሚገኙ አምራቾች የተዘጋጀ መረጃ

መግቢያ

ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ አሪቲ፣ ጦስኝ፣ ፌጦ እና ጥቁር አዝሙድ በኢትዮጵያውያን ቤት የምግብም የመድኃኒትም አገልግሎት ያላቸው ዕፅዋት ናቸው። አዲስ አበባን ከደቡብ ምዕራብ፣ ከምዕራብ እና ከሰሜን የሚያዋስኑት ሰበታ፣ ቡራዩ እና ሱሉልታ በቅደም ተከተል በጅማ፣ በአምቦ እና በጎጃም መንገዶች ላይ የሚገኙ በመሆናቸው በጓሮ፣ በማሳ ወይም በፕላስቲክ ቤት የተመረተ ትኩስ ቅጠል በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ለዋና ከተማዋ ገበያ ሊደርስ ይችላል። በአሁኑ ወቅት በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የሚገኙት እነዚህ ከተሞች ለዚህ ዓይነቱ ልማት ምቹ የሆኑት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ከልማቱ ጋር ተያይዞ አምራቾች በተደጋጋሚ ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ የቅጠል መገርጣት፣ የጠርዝ መቃጠል እና የእድገት መቀጨጭ ነው። ለዚህ ችግር በቀላሉ የሚታሰበው መፍትሔ በጠርሙስ ወይም በእሽግ የሚሸጥ የቅጠል ማዳበሪያ ገዝቶ መርጨት ሆኗል። ርጭቱ በትክክለኛው ቦታ፣ በትክክለኛው መጠን እና ለትክክለኛው ችግር ሲውል ጠቃሚ ነው። ነገር ግን የችግሩ መንሥኤ በአፈሩ ወይም በመስኖ ውኃው ውስጥ ሆኖ ሳለ በቅጠል ላይ ብቻ መረባረብ ወጪን ከማብዛት አልፎ ለመድኃኒትነት የሚፈለገውን ቅጠል ጥራት ሊጎዳ ይችላል።

ይህ ጽሑፍ ጨው በአካባቢው በምን ሁኔታ እንደሚከማች፣ እንዴት እንደሚለይ፣ የቅጠል ርጭት ምን ሊሠራና ምን ሊሠራ እንደማይችል፣ እንዲሁም ሊደረግ የሚገባውን ጥንቃቄ ያብራራል።

የአካባቢው አፈር ትክክለኛ ገጽታ

በአገር አቀፍ ደረጃ በተለምዶ በሚጠቀሰው ግምት መሠረት በኢትዮጵያ በጨውና በሶዲየም የተጠቃው መሬት 11 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ነው። ይህ መሬት በአብዛኛው የሚገኘው ዝናብ አነስተኛ፣ ትነት ደግሞ ከፍተኛ በሆነባቸው ቆላማ አካባቢዎች፣ በተለይም በስምጥ ሸለቆ እና በአዋሽ ተፋሰስ ነው። በአፋር ክልል በአሚባራ የሚገኘው የወረር ግብርና ምርምር ማዕከል በጨዋማ አፈር አያያዝ ላይ ለረጅም ጊዜ ሲሠራ የቆየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሰበታ፣ ቡራዩ እና ሱሉልታ ግን የሚገኙት በደጋ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ያላቸው ከፍታ በአመዛኙ ከ2,300 እስከ 2,800 ሜትር ሲሆን፣ የሚያገኙት ዓመታዊ ዝናብም ከ1,000 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። እንዲህ ያለ ዝናብ በክፍት ማሳ ላይ የሚገኝን ጨው በየክረምቱ ወደ ታች አጥቦ ይወስዳል። ዝናቡ ከጨው ጋር ካልሲየም እና ማግኒዚየምንም ስለሚወስድ ውኃ በቀላሉ በሚሰርግበት ቀይ አፈር ላይ ጎልቶ የሚታየው ችግር አሲዳማነት ነው። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ በአሲዳማነት የተጠቃ እንደሆነ ይገመታል። ከቡራዩ በስተ ምዕራብ በአምቦ መንገድ ላይ የሚገኘው የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል አሲዳማ አፈርን በኖራ በማከም ዙሪያ ሰፊ ሥራ ያከናወነ ተቋም ነው።

በሌላ በኩል ከሰበታ ወደ በቾ ሜዳ የሚዘረጋው ዝቅተኛ ቦታ በአብዛኛው ጥቁር የመረሬ አፈር ነው። ይህ አፈር በክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ በበጋ ደግሞ ይሰነጣጠቃል። ውኃ በቀላሉ ስለማያሳልፍ በበጋ ጥራቱ ዝቅተኛ በሆነ ውኃ በመስኖ ከለማ ለጨው ክምችት ይጋለጣል።

ከዚህ የሚገኘው ግንዛቤ አንድ ነው፦ በእነዚህ ከተሞች የመድኃኒት ተክል ቅጠል ሲገረጣ ወይም ሲቃጠል ምክንያቱ ጨው ሊሆን ይችላል፤ አሲዳማነት ሊሆን ይችላል፤ የውኃ መተኛትም ሊሆን ይችላል። የሦስቱ ሕክምና የተለያየ ስለሆነ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው ችግሩን መለየት ነው።

ጨው በደጋ ውስጥ የት ይከማቻል?

የክረምት ዝናብ በማይደርስበት ወይም ውኃ ወደ ታች ሰርጎ በማይወጣበት ቦታ ሁሉ ጨው ሊከማች ይችላል። በአካባቢው በብዛት የሚያጋጥሙት ሁኔታዎች የሚከተሉት ናቸው።

*የፕላስቲክ ቤት።* ጣሪያው ዝናብን ስለሚከለክል አፈሩን የሚያጥበው የተፈጥሮ ውኃ አይኖርም። ከማዳበሪያ እና ከመስኖ ውኃ የሚመጣው ጨው ከዓመት ዓመት እየተደራረበ ይሄዳል።

*ማፍሰሻ ቀዳዳ የሌለው ዕቃ።* በባልዲ፣ በጄሪካን፣ በከረጢት እና በአሮጌ ጎማ የሚተከሉ ጤና አዳምና ዳማከሴ ውኃው የሚወጣበት ከሌለ በተነነ ቁጥር ጨው ወደ ኋላ ይቀራል።

*የሳሙና እጣቢ።* የልብስና የዕቃ እጣቢ ሶዲየም የያዘ በመሆኑ በተከታታይ ወደ ተክል ሥር ሲደፋ የአፈሩን ቅንጣቶች ይበታትናል፤ አፈሩ ይጠጥራል፤ ውኃም አያሳልፍም።

*ያልበሰለ የዶሮ ኩስ፣ አመድ እና ከመጠን ያለፈ ማዳበሪያ።* ሦስቱም በመጠኑ ሲሆኑ ጠቃሚ ናቸው። በጠባብ መደብ ላይ ሲበዙ ግን ሥርን የሚያቃጥል የጨው መጠን ይፈጥራሉ። አመድ በተጨማሪ የአፈሩን ፒኤች ከፍ በማድረግ ብረትና ዚንክ ለተክሉ እንዳይደርሱ ያደርጋል።

*የጉድጓድ ውኃ።* ከከርሰ ምድር የሚወጣ ውኃ የሚይዘው የጨው መጠን ከቦታ ቦታ ይለያያል። በተለምዶ በሚሠራበት መለኪያ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ ከ0.7 ዴሲሲመንስ በሜትር በታች የሆነ ውኃ ያለ ገደብ ለመስኖ ይውላል፤ ከ0.7 እስከ 3 የሆነው ጥንቃቄ ይሻል፤ ከ3 በላይ የሆነው ለአብዛኞቹ ተክሎች አይመከርም።

የክምችቱን ፍጥነት በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። አስተላላፊነቱ 1 ዴሲሲመንስ በሜትር የሆነ ውኃ በአንድ ሊትር ውስጥ ወደ 0.64 ግራም የሚጠጋ የሟሟ ጨው ይይዛል። አንድ ካሬ ሜትር መደብ በቀን 5 ሊትር ለ100 ቀናት ቢጠጣ 500 ሊትር ውኃ፣ ከውኃውም ጋር 320 ግራም ያህል ጨው ይደርሰዋል። ዝናብ የማይነካውና ውኃ የማይወጣበት መደብ ከሆነ ይህ ጨው በአብዛኛው እዚያው ይቀራል።

ምልክቶችን መለየት

የሚከተሉት ምልክቶች ለመነሻ ያህል የሚያገለግሉ ሲሆን የላቦራቶሪ ምርመራን አይተኩም።

- የጨው ጉዳት፦ የቆዩ ቅጠሎች ጫፍና ጠርዝ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ተክሉ ይጠወልጋል። በአፈሩ ገጽ ወይም በዕቃው ጠርዝ ላይ ነጭ ቅርፊት ይታያል። አዲስ የተዘራ ዘር በአግባቡ አይበቅልም።
- የብረት እጥረት፦ ለጋ ቅጠሎች ሲገረጡ የቅጠሉ ሥሮች አረንጓዴ እንደሆኑ ይቀራሉ። ይህ በአብዛኛው የሚያጋጥመው ፒኤቹ ከፍ ባለ አፈር ላይ ነው።
- የዚንክ እጥረት፦ አዳዲስ ቅጠሎች ያንሳሉ፤ በአንጓዎች መካከል ያለው ርቀት ያጥራል፤ ቅጠሎቹ ተጠጋግተው ይታያሉ።
- የናይትሮጅን እጥረት፦ ከታች ያሉት የቆዩ ቅጠሎች ሙሉ በሙሉ ይገረጣሉ።
- የማግኒዚየም እጥረት፦ የቆዩ ቅጠሎች በሥሮቻቸው መካከል ይገረጣሉ። በአሲዳማ አፈር ላይ ሊከሰት ይችላል።
- አሲዳማነት፦ ሥሩ አጭርና ወፍራም ሆኖ ይቀራል። ፎስፈረስ በአፈሩ ስለሚያዝ ተክሉ ይቀጭጫል፤ ቅጠሉም ወደ ሐምራዊነት ሊያደላ ይችላል።
- የውኃ መተኛት፦ ተክሉ በአጠቃላይ ይገረጣል፤ ሥሩ ይጠቁራል፤ መጥፎ ሽታም ያመጣል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መጥቀስ ተገቢ ነው። በአሲዳማ አፈር ውስጥ ብረትና ማንጋኒዝ እጅግ አነስተኛ አይሆኑም፤ እንዲያውም ከሚያስፈልገው በላይ ሊሟሙ ይችላሉ። በመሆኑም በሱሉልታ ወይም በቡራዩ ቀይ አፈር ላይ ቅጠል ስለገረጣ ብቻ የብረት ርጭት መግዛት ብዙውን ጊዜ ትርፉ ወጪ ነው። በተመሳሳይ ሁኔታ ለአሲዳማ አፈር የሚመከረውን ኖራ ጨው ባለበት መደብ ላይ መጨመር ጨውን አያስወግድም፤ ፒኤቹን ከፍ በማድረግ የብረትና የዚንክ እጥረትን ያባብሳል።

ከርጭት በፊት ምርመራ

የአፈር ናሙና ከአንድ መደብ ወይም ማሳ ከ10 እስከ 15 ነጥቦች፣ ከገጹ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይወሰዳል። ናሙናው በንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲ ተደባልቆ ግማሽ ኪሎ ግራም ያህሉ ለላቦራቶሪ ይላካል። የዚንክ ሽፋን ባለው የቆርቆሮ ዕቃ መጠቀም የዚንክን ውጤት ስለሚያዛባ አይመከርም። ማዳበሪያ በተጨመረ ሰሞንም ናሙና መውሰድ አይገባም። ደህና የሚመስለውና የተጎዳው ቦታ ናሙና ለየብቻ ቢላክ ልዩነቱን ለማነጻጸር ይረዳል።

ከላቦራቶሪ ቢያንስ ፒኤች፣ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት፣ የሶዲየም ድርሻ እና የኦርጋኒክ ይዘት ሊጠየቅ ይገባል። የመስኖ ውኃውም አብሮ ቢመረመር ይመረጣል። በዓለም አቀፍ መለኪያ መሠረት በውኃ ከጠገበ የአፈር ሊጥ የተጨመቀ ፈሳሽ አስተላላፊነቱ ከ4 ዴሲሲመንስ በሜትር ሲበልጥ አፈሩ ጨዋማ ይባላል። የሶዲየም ድርሻው ከ15 በመቶ በላይ፣ ፒኤቹም ከ8.5 በላይ ሲሆን ሶዲየማዊ ይባላል።

ውጤቱ ሲነበብ ላቦራቶሪው የተጠቀመበትን ዘዴ መጠየቅ አስፈላጊ ነው። አንድ እጅ አፈር ከአምስት እጅ ውኃ ጋር ተበጥብጦ የተለካ ውጤት በጠገበ ሊጥ ከተለካው በብዙ እጥፍ ያነሰ ቁጥር ይሰጣል። ሁለቱን ያለ ልዩነት ማነጻጸር ጨዋማውን አፈር ጤናማ አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል።

ተክሎች ለጨው ያላቸው ቻይነትም ይለያያል። ለማነጻጸር ያህል ገብስ እስከ 8 ዴሲሲመንስ በሜትር ድረስ ምርቱ ሳይቀንስ ሲቆይ ሽንኩርት ከ1.2 ጀምሮ መቀነስ ይጀምራል። ከመድኃኒታዊ ዕፅዋት መካከል ካሞሚል በሃንጋሪ ጨዋማና ሶዲየማዊ ሜዳዎች ላይ በተፈጥሮ የሚበቅል በመሆኑ በቻይነቱ ይታወቃል። ሁሉም መድኃኒታዊ ተክል ግን እንዲህ አይደለም። ስለዚህ 4 ያልደረሰ ውጤት ለእያንዳንዱ ተክል አስተማማኝ ነው ማለት አይቻልም።

የቅጠል ርጭት ምን ይሠራል?

ጨው በበዛበት አፈር ተክሉ በሁለት መንገድ ይጎዳል። በመጀመሪያ ጨው ውኃን ስለሚይዝ ሥሩ ውኃ ለመሳብ ይቸገራል። በሁለተኛ ደረጃ ሶዲየም የፖታሺየምን እና የካልሲየምን ቦታ ስለሚሻማ ተክሉ እነዚህን ንጥረ ምግቦች በበቂ መጠን አያገኝም። ፒኤቹ ከፍ ሲል ደግሞ ብረት፣ ዚንክ እና ማንጋኒዝ በአፈሩ ውስጥ ቢኖሩም አይሟሙም።

በቅጠል የሚረጭ ንጥረ ምግብ ይህን የሥር መሰናክል ለጊዜው ያልፋል። የሟሟው ንጥረ ነገር በቅጠሉ ሰም መሰል ሽፋን እና በጥቃቅን የቅጠል ቀዳዳዎች በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። ይሁን እንጂ ሁሉም ንጥረ ነገር ከገባበት ቅጠል ወደ ሌላው አይዘዋወርም። ናይትሮጅን፣ ፖታሺየም እና ማግኒዚየም በቀላሉ ይንቀሳቀሳሉ። ካልሲየም የተረጨበት ቅጠል ላይ ይቀራል ማለት ይቻላል። ብረትም እንቅስቃሴው ውሱን በመሆኑ አዲስ ቅጠል ሲወጣ ርጭቱ መደገም ይኖርበታል።

የርጭቱን አቅም በቁጥር ማየት ይቻላል። በ20 ሊትር ውኃ 1 በመቶ ማለትም 200 ግራም ዩሪያ ተሟሙቶ በ400 ካሬ ሜትር ላይ ቢረጭ ተክሉ የሚያገኘው ናይትሮጅን ቢበዛ 92 ግራም ነው። ይህ በሄክታር ሲሰላ 2.3 ኪሎ ግራም ብቻ ሲሆን ቅጠሉ በተደጋጋሚ የሚታጨድ ተክል በሄክታር በአሥር ኪሎ ግራሞች የሚቆጠር ናይትሮጅን ይፈልጋል። በተቃራኒው የዚንክ ፍላጎት በሄክታር በግራም የሚቆጠር በመሆኑ አንድ ወይም ሁለት ርጭት ጉልህ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል። በዚህ ምክንያት የቅጠል ርጭት በጥቂት መጠን ለሚፈለጉ ንጥረ ምግቦች ተመራጭ ሲሆን በብዛት ለሚፈለጉት ድጋፍ ከመሆን አያልፍም።

ከሁሉም በላይ ርጭቱ በአፈሩ ውስጥ ካለው ጨው አንዲት ግራም እንኳ አይቀንስም። እጣቢው መደፋቱ ካልቆመ፣ ዕቃው ማፍሰሻ ካልተበጀለት ወይም ውኃው ካልተቀየረ ርጭት የተደረገለት ተክል ለጥቂት ሳምንታት አገግሞ ተመልሶ ይቃጠላል።

የንጥረ ምግብ ዓይነትና መጠን

ከዚህ በታች የተመለከቱት በተለምዶ ለመነሻ የሚያገለግሉ ዝቅተኛ መጠኖች ሲሆኑ የተሰሉት 16 ሊትር ለሚይዝ የጀርባ መርጫ ነው። በምርቱ ማሸጊያ ላይ የተለየ መመሪያ ካለ ቅድሚያ የሚሰጠው ለማሸጊያው መመሪያ ነው።

- ፖታሺየም ናይትሬት፦ ከ0.5 እስከ 1 በመቶ (ከ80 እስከ 160 ግራም)። በሶዲየም ምክንያት ለተፈጠረ የፖታሺየም እጥረት። ፖታሺየም ክሎራይድ ክሎራይድን ስለሚጨምር በጨው ለተጎዳ ቅጠል አይመከርም።
- ካልሲየም ናይትሬት፦ 0.5 በመቶ (80 ግራም)። ለጋ ቅጠሎች ሲጨማደዱና ጫፋቸው ሲሞት።
- ዚንክ ሰልፌት፦ ከ0.2 እስከ 0.3 በመቶ (ከ32 እስከ 48 ግራም)።
- የብረት ሰልፌት፦ ከ0.2 እስከ 0.3 በመቶ (ከ32 እስከ 48 ግራም)። በምርመራ የብረት እጥረት ሲረጋገጥ ብቻ።
- ማግኒዚየም ሰልፌት፦ 1 በመቶ (160 ግራም)።
- ዩሪያ፦ 0.5 በመቶ (80 ግራም)። ከዚህ በላይ መጠን ለጋ ቅጠልን ሊያቃጥል ይችላል።

ቦሮን በእጥረቱ እና በመርዛማነቱ መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ በመሆኑ ያለ ላቦራቶሪ ውጤትና ያለ ባለሙያ ምክር ሊረጭ አይገባም።

ካልሲየም ናይትሬትን ከሰልፌቶች ወይም ከፎስፌት ማዳበሪያዎች ጋር በአንድ መርጫ ማደባለቅ ነጭ ዝቃጭ ስለሚፈጥር መርጫውን ይደፍናል፤ ንጥረ ምግቡንም ከጥቅም ውጪ ያደርጋል። ሁለቱ የሚያስፈልጉ ከሆነ በተለያየ ቀን ይረጫሉ። ናይትሬቶች እሳትን የሚያባብሱ በመሆናቸው ከምድጃ፣ ከነዳጅ እና ከሕፃናት ርቀው መቀመጥ ይኖርባቸዋል።

የአረጫጨት ሥርዓት

1. ርጭት የሚካሄደው በማለዳ ወይም ፀሐይ ስትበርድ ነው። በቀትር የሚረጭ ፈሳሽ ቶሎ ስለሚደርቅ ጨው ሆኖ ቅጠሉ ላይ ይቀራል፤ ቅጠሉንም ያቃጥላል።
2. የጠወለገ ተክል አይረጭም። በቅድሚያ ውኃ ጠጥቶ ማገገም ይኖርበታል።
3. ለማሟሚያ ንጹሕ የዝናብ ወይም የቧንቧ ውኃ ይመረጣል። ጨዋማ የጉድጓድ ውኃ ለርጭት አያገለግልም።
4. ፀረ አረም ወይም ፀረ ተባይ የተረጨበት መርጫ ለመድኃኒት ተክል ባይውል ይመረጣል። ሌላ መርጫ ከሌለ በተደጋጋሚ መታጠብ አለበት።
5. ፈሳሹ እንደ ጭጋግ በደቀቀ ነጠብጣብ የቅጠሉን ላይና ታች ማርጠብ ይገባዋል፤ እስኪንጠባጠብ መርጨት ግን አያስፈልግም።
6. መላው መደብ ከመረጨቱ በፊት በአምስት ያህል ተክሎች ላይ ተሞክሮ ለአንድ ሳምንት ይታያል። መቃጠል ከታየ መጠኑ በግማሽ ይቀነሳል ወይም ርጭቱ ይቆማል።
7. ጥቂት ተክሎች ሳይረጩ ለማነጻጸሪያ ይተዋሉ። በተረጩትና ባልተረጩት መካከል ልዩነት ካልታየ ችግሩ ሌላ እንደሆነ ይጠቁማል።
8. የተረጨው ዓይነት፣ መጠንና ቀን በመዝገብ ይያዛል።

መድኃኒታዊ ዕፅዋት የሚጠይቁት ልዩ ጥንቃቄ

ስንዴ ወይም ድንች ላይ የተረጨ ንጥረ ምግብና ዳማከሴ ላይ የተረጨው እኩል አይታዩም። ዳማከሴ ለምች ሲፈለግ ቅጠሉ በእጅ ታሽቶ ጭማቂው በጥሬው ይወሰዳል። ጤና አዳም ከነቅጠሉ ቡና ውስጥ ይገባል። በእነዚህ ዕፅዋት ላይ የተረጨው ነገር በእሳት ሳይበስል፣ ሳይላጥ እና አንዳንድ ጊዜም ሳይታጠብ ወደ ሰው አካል ይደርሳል። ተጠቃሚው ብዙውን ጊዜ የታመመ ሰው ወይም ሕፃን መሆኑ ጥንቃቄውን እጥፍ ያደርገዋል።

ስለሆነም ከመጨረሻው ርጭት እስከ ምርት መሰብሰብ ቢያንስ ሁለት ሳምንት እንዲያልፍ፣ ከመሰብሰቡ በፊትም ቅጠሉ በንጹሕ ውኃ እንዲታጠብ ይመከራል። ይዘቱ በማሸጊያው ላይ ያልተገለጸ፣ ወይም «እድገት የሚያፋጥን» ከማለት በስተቀር ሌላ ማብራሪያ የሌለው ምርት ለመድኃኒት ተክል ሊውል አይገባም።

ጥራትን በተመለከተም ልብ ሊባል የሚገባ ነጥብ አለ። የእነዚህ ዕፅዋት ዋጋ በቅጠላቸው ብዛት ብቻ ሳይሆን በውስጣቸው በሚገኘው መዓዛማ ዘይትና ሌሎች ውህዶች ጭምር ይወሰናል። ናይትሮጅን ሲበዛ ቅጠሉ ይለመልማል፤ መዓዛው ግን ሊሳሳ ይችላል። በተቃራኒው መጠነኛ የጨው ጫና በአንዳንድ ተክሎች የዘይቱን ክምችት ከፍ ሊያደርግ ቢችልም የቅጠሉ ምርት ስለሚቀንስ ከመደቡ የሚገኘው ጠቅላላ ዘይት ብዙውን ጊዜ ያንሳል። ስለዚህ ተክልን ሆን ብሎ ለጨው ማጋለጥም ሆነ በዩሪያ ማለምለም ትክክለኛ መንገድ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመድኃኒታዊ ዕፅዋት መልካም የግብርናና የአሰባሰብ አሠራር መመሪያ ማዳበሪያ በቁጥብነት እንዲውልና የሰው ዓይነ ምድር ለማዳበሪያነት እንዳይውል ያሳስባል። የእንስሳት ፍግም በሚገባ ከተብላላ በኋላ ብቻ መጠቀም ተገቢ ነው።

ዘላቂው መፍትሔ፦ አፈሩን ማከም

ጨው መኖሩ በምርመራ ከተረጋገጠ የሚከተሉት ተግባራት ከርጭት በፊት ወይም ከርጭት ጋር ጎን ለጎን ይከናወናሉ።

- ምንጩን ማቆም፦ የሳሙና እጣቢ፣ ያልበሰለ የዶሮ ኩስ እና ከመጠን ያለፈ ማዳበሪያ ወደ መደቡ እንዳይገቡ ማድረግ።
- ማፍሰሻ ማበጀት፦ የዕቃዎችን ግርጌ መብሳት፣ በመረሬ አፈር ላይ ከፍ ያለ መደብና የውኃ መውረጃ ቦይ ማዘጋጀት። ማፍሰሻ በሌለበት ጨው ማጠብ አይቻልም።
- ጨውን ማጠብ፦ ማፍሰሻ ባለው ዕቃ የዕቃውን መጠን እጥፍ የሚሆን ንጹሕ ውኃ ቀስ በቀስ ማሳለፍ። በፕላስቲክ ቤት የጣሪያውን ዝናብ በማጠራቀሚያ ይዞ ለዚሁ ተግባር ማዋል፤ በሁለት ምርት መካከል የሚነሣ ጣሪያ ከሆነም በክረምት ገልጦ መተው።
- ጂፕሰም፦ አፈሩ ሶዲየማዊ መሆኑ በላቦራቶሪ ሲረጋገጥ ብቻ በባለሙያ በተወሰነ መጠን መጨመርና ማጠብ። ጂፕሰም ጨው ብቻ ላለበት አፈር አያስፈልግም።
- ብስባሽና ጉዝጓዝ፦ በሚገባ የበሰለ ኮምፖስት የአፈሩን አወቃቀር ያሻሽላል። በገለባ ወይም በድርቆሽ የሚሠራ ጉዝጓዝ ትነትን በመቀነስ ጨው ወደ ገጹ እንዳይወጣ ይረዳል።
- አሲዳማ ከሆነ፦ ፒኤቹ ከ5.5 በታች መሆኑ ከተረጋገጠ በላቦራቶሪው ምክረ ሐሳብ መሠረት ኖራ መጠቀም።

የተክል ምርጫም የመፍትሔው አካል ነው። የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛማና መድኃኒታዊ ዕፅዋት ላይ የሚሠራና የተሻሻሉ ዝርያዎችን ያወጣ ተቋም በመሆኑ ልማቱን ለማስፋት የሚያቅዱ ማኅበራትና ባለሀብቶች ዝርያን አስመልክቶ ከማዕከሉ መረጃ ማግኘት ይችላሉ።

ማጠቃለያ

በሰበታ፣ በቡራዩ እና በሱሉልታ የሚያጋጥመው ጨው በአብዛኛው ከሰው አያያዝ የሚመነጭ በመሆኑ በሰው አያያዝ ሊወገድ የሚችል ነው። በቅጠል የሚረጭ ንጥረ ምግብ በጨው የተጎዳ ተክል አፈሩ እስኪታከም ድረስ እንዲቆይ የሚያግዝ የመጀመሪያ እርዳታ እንጂ የአፈር ሕክምና ምትክ አይደለም። አምራቾች የቅጠል ማዳበሪያ ከመግዛታቸው በፊት የአፈራቸውንና የውኃቸውን ሁኔታ እንዲያስመረምሩ፣ ውጤቱንም ይዘው በአቅራቢያቸው ለሚገኝ የግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ወይም ለልማት ሠራተኛ እንዲያማክሩ ይመከራል። ይህ ሲሆን አምራቹ ካላስፈላጊ ወጪ ይድናል፤ ለፈውስ ብሎ ቅጠሉን የሚገዛው ሰውም የሚተማመንበትን ምርት ያገኛል።